በጎጃም ስለ መሬት ልኬት የተነሣው ክርክርና የመንግሥት ሥልጣን ወሰን፤ ከ1934 እስከ 1961 ዓ.ም.

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ከእርሻ በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚጥለውን አዋጅ ቁጥር 255 አወጣ። አዋጁ ለመላው አገር የታወጀ ነበር፤ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ግን ብዙ ወራት የቆየ ዐመፅ አስነሣ። ነገሩን የሚመረምር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው እንቆቅልሽ ይህ ነው። አዲሱ ግብር ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ያማርረው የነበረውን ዐሥራት የሚያስቀር ነበር፤ ግብሩም ባለ ብዙ ገቢው ብዙ፥ ባለ ጥቂት ገቢው ጥቂት እንዲከፍል ተብሎ የተሠራ ነበር። የጎጃም ገበሬ በዚያ ዘመን ለመንግሥት የሚከፍለው የመሬት ግብር በደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ እንደ ነበረም የታወቀ ነው። ታዲያ ግብሩ ቀላል ሳለ ገበሬው ጠመንጃ ይዞ የወጣው ስለ ምንድን ነው?

የዚህ ጥያቄ መልስ በገንዘቡ ልክ አይገኝም። የጎጃም ገበሬ የተከራከረው መንግሥት ምን ያህል ሊወስድ ይገባዋል በሚለው ብቻ ሳይሆን፥ ይልቁንም መንግሥት እስከ የት ድረስ ሊገባ፥ ምንንስ ሊያይና ሊጽፍ ይገባዋል በሚለው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረውም ይኸው የወሰን ክርክር ነው። የአውሮፓ ተብሎ ካልተለየ በቀር፥ ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ርስትና የግብር አደላደል

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የርስትን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በጎጃም፥ እንደ ሌላው የሰሜን አገር ሁሉ፥ ርስት ማለት አንድ ሰው በገንዘቡ የገዛው መሬት አይደለም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው፥ ማለትም ከዋናው አባት፥ በአባትም ሆነ በእናት በኩል የሚወለድ ሁሉ በመሬቱ ላይ ያለው መብት ነው። ስለዚህ አንድ ገበሬ በየአያቶቹ በኩል ከብዙ ዋና አባቶች ርስት ሊጠይቅ ይችላል፤ በአንድ መሬትም ላይ ያረሱትም ያላረሱትም ብዙ ሰዎች መብት ይኖራቸዋል። የየአባቱን ርስት ጉዳይ የሚከታተል፥ ድልድሉን የሚያስፈጽም፥ በሙግትም ጊዜ ስለ ዘመዶቹ የሚቆም ፈጅ የሚባል ተጠሪ ነበረ። በዳሞት አካባቢ የቆየው የአሜሪካ ተወላጅ የሥነ ሰብእ ሊቅ አለን ሆበን፥ በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሥርዓት በዝርዝር ገልጾታል።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፥ ርስት በቃልና በትውልድ ቈጠራ የሚኖር እንጂ በመዝገብ የሚኖር አለመሆኑ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ከአገሩ የወጣ ሰው ልጅ ተመልሶ፥ ትውልዱን ቈጥሮና ምስክር አቁሞ፥ ድርሻውን ሊጠይቅ ይችላል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ተረት የዚህ እምነት ምስክር ነው። ሁለተኛው፥ ግብሩ የሚደለደለው በዚሁ በዝምድና መንገድ መሆኑ ነው። ከላይ የሚጠየቀው ግብር በአጥቢያው ላይ በጅምላ ይወድቃል፤ ከዚያ በየአባቱ ይከፈላል፤ በየአባቱም ውስጥ እንደ ድርሻው ለየቤቱ ይደርሳል። ጭቃ ሹሙ ሰብስቦ ያስገባል። ከላይ ያለው ሹም የአጥቢያውን ጠቅላላ ግብር ያውቃል፤ ማን ስንት ጥማድ እንደሚያርስ ግን አያውቅም፤ ማወቅም የእርሱ ሥራ ተደርጎ አይቈጠርም ነበር።

ገበሬው ግብርን የመንግሥት ሕጋዊ መብት አድርጎ ይቀበል ነበር። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ሕዝብ፥ ለንጉሥ ግብር አይገባም የሚል ሐሳብ አልነበረውም። ነገር ግን ግብሩ የታወቀ እንዲሆን፥ ድልድሉ በአገሩ ሰው እጅ እንዲቀር፥ እንግዳ ሰውም በርስቱ ውስጥ ገብቶ እንዳይቈጥር ይፈልግ ነበር። እነዚህ ሦስቱ የወሰን ድንጋዮች ናቸው።

ተሠሪ፥ ዐሥራትና ቀላድ

ገበሬው ይህን ወሰን እንዲወድ ያስተማረው ያለፈው ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ደመወዝ የሌለው ወታደር በገበሬው ቤት ተሠርቶ ይቀለብ ነበር። ተሠሪ የገባበት ቤት ጓዳው የራሱ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩን በደመወዝ ለማሳደር ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱ እየበረታ ስለ ሄደ አልተፈጸመም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በከብት ዕልቂትና በረኃብ ምክንያት ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ፥ ያለቀውን ገበሬ የሚበላ ወታደር ሸክሙ የማይቻል ሆነ። ዐፄ ምኒልክም በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፥ ገበሬው ከምርቱ ዐሥራት ወደ መንግሥት ጎተራ እንዲያገባ፥ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ አዘዙ። ዐሥራት ስለዚህ በመጀመሪያ ለገበሬው ጓዳ መከለያ ሆኖ የመጣ ግብር ነው። ነገር ግን ከምርቱ ዐሥር አንዱ ስንት እንደ ሆነ የሚገምት ሰው ማስፈለጉ አልቀረም፤ ሰብሉን ለመገመት የመጣው ሹም ደግሞ ማሳው ዳር ቆሞ ጉቦና መስተንግዶ መጠበቅ ጀመረ። ወታደሩ ከቤት ቢወጣ ገማቹ ወደ ማሳ ገባ ማለት ነው።

በደቡብ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በዚያ ያለው መሬት በቀላድ፥ ማለትም በመለኪያ ገመድ፥ እየተለካ በጋሻ ተቈጠረ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ያህል ነው። በብዙ ቦታ ከተለካው መሬት ሲሶው ብቻ ለአገሬው ባላባት ሲቀር፥ የተረፈው ለመንግሥት፥ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ተደለደለ፤ በመሬቱ ላይ የነበረው ገበሬም ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። በዘመቻና በንግድ ወደ ደቡብ የሄደ የጎጃም ሰው ይህን በዐይኑ አይቷል። ስለዚህ በጎጃም ቀላድ የሚለው ቃል የልኬት መሣሪያ ስም ብቻ አልነበረም፤ ገመዱ ካለፈበት መሬት ላይ ባለ ርስት ይነቀላል የሚል ትርጉም ነበረው።

እስከ 1924 ዓ.ም. ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በግብር ብዛት ስማቸው ይነሣ ነበር። ቢሆንም ሰውየው የአገሩ ንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ ግብሩም የቱን ያህል ቢከብድ የሚሰበሰበው በለመደው መንገድ ነበር። እርሳቸው ከተሻሩ በኋላ ጎጃም ከማዕከላዊው መንግሥት በሚላክ ገዥ እጅ ገባ። ወዲያው የኢጣልያ ወረራ ስለ ደረሰ የሥርዓቱ ለውጥ ተቋረጠ። በዐምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን የጎጃም ገበሬ በየዱሩ አርበኛ ሆኖ ተዋጋ፤ ነጻነት በተመለሰ ጊዜም ጠመንጃው በእጁ ነበር።

የ1934ና የ1937 ዓ.ም. ሕግጋት

ከድል በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አስተዳደሩን በአዲስ መልክ አዋቀረ። አገረ ገዥዎች በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ደመወዝተኞች ሆኑ፤ ግብርም ለገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ተወሰነ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፥ ለም ጠፍ፥ ጠፍ ብሎ በሦስት ደረጃ ከፍሎ፥ ለአንድ ጋሻ በየተራው 15፥ 10ና 5 ብር እንዲከፈል አዘዘ። ይህ አዋጅ በገንዘብ ረገድ ሲታይ ቀላል ነው። በሐሳብ ረገድ ግን ትልቅ ለውጥ ነበረበት፤ ግብሩ በአጥቢያና በአባት መሆኑ ቀርቶ በጋሻ ሆኗልና። በጋሻ ለመክፈል መሬቱ መለካት አለበት፤ ከተለካም በኋላ በአንድ ሰው ስም መጻፍ አለበት።

የጎጃም ሰው ይህን ወዲያው ተረዳው። መሬት ለኪዎች በመጡ ጊዜ በብዙ ወረዳ ተቃውሞ ተነሣ፤ በአንዳንድ ቦታም ደም ፈሰሰ። የመንግሥቱም መልስ በ1937 ዓ.ም. በወጣው በሁለተኛው የመሬት ግብር አዋጅ ውስጥ ይታያል። በዚያ አዋጅ ዐሥራት በገንዘብ እንዲከፈል ተደርጎ የግብሩ ልክ ሲጨመር፥ ጎጃም፥ በጌምድርና ትግሬ ከአዲሱ አከፋፈል ተለይተው በ1927 ዓ.ም. በነበረው ግብር እንዲቀጥሉ ተወሰነ። ስለዚህ ከጦርነቱ በፊት የነበረው የጅምላ ግብር በእነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች በሕግ ጸና። የጎጃም ገበሬ ይህን ውሳኔ እንደ ውል ቈጠረው፤ መንግሥት ግን እንደ ጊዜያዊ ትዕግሥት አየው። የኋላው ጠብ ሥሩ በዚህ አለመግባባት ውስጥ ነው። በ1942ና በ1943 ዓ.ም. ነገሩ እንደ ገና በተነሣ ጊዜ በጎጃም አዲስ ዐመፅ ሆነ፤ መንግሥት ዐመፁን ቢያበርድም ልኬቱን ሊፈጽም አልቻለም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያልተከፈለው ግብር ውዝፍ እየተባለ በመዝገብ ላይ ይጠራቀም ጀመር።

የ1960 ዓ.ም. ዐመፅ

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንግሥት ፍላጎት እየጨመረ ሄደ። ለትምህርት ቤት፥ ለሐኪም ቤት፥ ለመንገድና ለጦር ሠራዊት ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ብዙው ሕዝብ ገበሬ በሆነበት አገር ከእርሻ የሚገኘው ግብር ጥቂት መሆኑን የመንግሥቱ ባለሙያዎች ደጋግመው አሳስበዋል። በ1958 ዓ.ም. የጉልት መብት በአዋጅ ተሻረ፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ተከተለ። አዋጁን ያወጣው ምክር ቤት ነው፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችም በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በምርጫ የገቡ ነበሩ። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበት፥ ከእንደራሴዎቹም ብዙዎቹ ባለ መሬቶችና ሹማምንት በነበሩበት ምክር ቤት የተደረገው ውሳኔ፥ በሞጣ ወይም በቢቸና ያለው ገበሬ «ፈቃዴ ነው» የሚለው አልነበረም።

በዚያ ጊዜ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ነበሩ። ሕዝቡ ከአዲሱ ግብር አስቀድሞ ስለ ጦር መሣሪያ ምዝገባ፥ ስለ ልዩ ልዩ መዋጮና ስለ ሹማምንት በደል ቅሬታ ነበረው። ገቢውን የሚገምቱ ኮሚቴዎች በየወረዳው በተሰማሩ ጊዜ፥ ገበሬው የመጡት የርስቱን ልክ ሊጽፉ ነው ብሎ አመነ። ባለሥልጣኖች አዋጁ የገቢ ግብር እንጂ የመሬት ልኬት አይደለም ብለው አስረዱ። ክርክሩ በሕግ ቋንቋ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ገቢን ለመገመት ማን ምን ያህል እንደሚያርስ መጠየቅ ግድ ነው፤ የተጠየቀውም ይጻፋል፤ የተጻፈ ደግሞ ነገ በሙግት ማስረጃ ይሆናል። ገበሬው ያየው ይህን ነው። በአንድ ሰው ስም የተጻፈ ማሳ፥ ድርሻቸውን ገና ያልጠየቁትን ዘመዶች መብት ይዘጋል። ስለዚህ ድንጋጤው በወሬ የተባባሰ ቢሆንም፥ የርስትን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ከንቱ አልነበረም።

ዐመፁ የተጀመረው በመሣሪያ አይደለም። መጀመሪያ ገበሬዎች ገማቾችን አናስገባም አሉ፤ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሽማግሌዎች ልከው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ። ንጉሡን በክፉ አላነሡም፤ በደሉን በሹማምንቱ ላይ አደረጉት። ይህ የኢትዮጵያ ገበሬ የቆየ የአቤቱታ ሥርዓት ነው፤ ንጉሥ አይከሰስም፥ ግን ሹሙ ይከሰሳል። አቤቱታው ያሰቡትን ፍሬ ባላፈራ ጊዜና ፖሊስና ነጭ ለባሽ በተላከባቸው ጊዜ ግን ተኵስ ተከፈተ። መንግሥት ጦር ሠራዊት አዘመተ፤ የጦር አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት የጠላት አውሮፕላን ያየ ሽማግሌ፥ አሁን የገዛ መንግሥቱን አውሮፕላን በቤቱ ላይ አየ።

በዐመፁ ወራት የታየው የአገዛዝ ሥርዓት ለሥነ ሰብእ ተማሪ ልዩ ትኵረት የሚገባው ነው። መንግሥት በራቀበት ቦታ ሕዝቡ የጎበዝ አለቃ መረጠ። የጎበዝ አለቃ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ሹም በሌለበት ወይም ሹም በከፋበት ጊዜ አገር ራሱን የሚጠብቅበት የቆየ ልማድ ነው። ሌባ ይይዛል፥ ጠብ ያበርዳል፥ ዘብ ያቆማል። የጎጃም ገበሬ የሚጠላው ሥርዓትን እንዳልነበረ ይህ ያሳያል። መንግሥት ሲወጣ የራሱን ትንሽ መንግሥት አቆመ፤ ሹሙ ግን እርሱ የሚያውቀውና ሊሽረው የሚችለው ሰው ነበር።

በመጨረሻ ያፈገፈገው መንግሥት ነው። በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጎጃምን ጐበኙ፤ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የተጠራቀመውም ውዝፍ ግብር ተማረ። አዲሱ ግብር በጎጃም እንደ አዋጁ አልተሰበሰበም። በዘመናዊው የኢትዮጵያ ታሪክ ገበሬ አንድን የመንግሥት ሕግ በክንዱ እንዲህ የመለሰበት ጊዜ ጥቂት ነው። ገብሩ ታረቀ በ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት የገበሬ ዐመፅ ታሪክ የጎጃምን ዐመፅ ከትግራይና ከባሌ ዐመፆች ጋራ ያጠኑት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የወሰን ሐሳብ በሌላው ዓለም

ስለ መንግሥት ሥልጣን ወሰን በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ተጽፏል። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ1689 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ፥ መንግሥት የሰውን ንብረት ያለ ፈቃዱ ሊወስድ እንደማይገባው፥ ግብርም በሕዝቡ ወይም በእንደራሴዎቹ ፈቃድ ብቻ እንደሚጣል ተከራክሯል። በኋለኛው ዘመን ሊበርታሪያን የሚባሉት የግለሰብ ነጻነት ጠበቆች ይህን ሐሳብ አርቀው ወሰዱት። አሜሪካዊው ሮበርት ኖዚክ በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መጽሐፉ፥ የመንግሥት ተገቢ ሥራ ሰውን ከጉልበት፥ ከስርቆትና ከማታለል መጠበቅና ውልን ማስፈጸም ብቻ ነው አለ። ጄምስ ስኮት ደግሞ በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታተመው ሥራው፥ ዘመናዊ መንግሥታት መሬትንና ሰውን በልኬትና በመዝገብ ለራሳቸው የሚነበብ እንደሚያደርጉ፥ በዚህም ጊዜ የአገሬውን ልማዳዊ እውቀት እንደሚያጠፉ አሳየ።

የጎጃም ታሪክ ከእነዚህ ሐሳቦች ጋራ የሚገናኝበትም የሚለያይበትም ቦታ አለ። ከስኮት ጋራ የሚገናኘው ግልጽ ነው፤ ጠቡ የተነሣው በማንበብና በመጻፍ፥ በመለካትና በመመዝገብ ላይ ነበርና። ከሎክና ከኖዚክ የሚለየው ግን መሠረቱ ነው። እነዚህ ጸሐፊዎች የሚነሡት ከብቻው ሰውና ከብቻው ንብረት ነው፤ የጎጃም ገበሬ ግን የሚከላከለው የግል ንብረትን አልነበረም። እንዲያውም የፈራው መሬቱ የአንድ ሰው ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ ነው። የእርሱ ነጻነት በዝምድና ውስጥ የሚገኝ ነጻነት ነበር፤ መንግሥትን ከደጅ የሚያስቆመውም የግለሰብ መብት ሳይሆን የአባቶች ስም ነበር። የመንግሥትን ሥልጣን በወሰን ማስቀመጥ የአንድ አህጉር ፍልስፍና ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ ወሰኑ የሚተከልበት መሬት ግን እንደየአገሩ ይለያያል።

ሚዛኑ

ይህን ታሪክ የነጻነት ድል ብቻ አድርጎ መጻፍ ግን እውነቱን ያጐድላል። በጎጃም ርስት የሌለው ሰው ነበር። ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ የጣና ዳሩ ወይጦ፥ ባለ ርስቶቹ ከሚከላከሉት ወሰን ውጭ ነበሩ፤ መንግሥት ከደጅ ቢቆም ለእነርሱ የሚጨምርላቸው ነጻነት አልነበረም። ደግሞም የጎጃም ገበሬ ሳይለካ በቀረበት ዘመን፥ የተለካው የደቡብ ጭሰኛ ለባለ መሬቱ ከምርቱ ብዙውን እየከፈለ የመንግሥትንም ግብር ይሸከም ነበር። ጠመንጃ ያለው ወሰኑን አስከበረ፤ የሌለው ተሻገሩበት። መንግሥት ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ገንዘብ ያስፈልገኛል ማለቱም ሐሰት አልነበረም። ጥፋቱ ያለው፥ ስለ ርስቱ አጻጻፍ ከባለ ርስቱ ጋራ ሳይመክር በአዋጅ መጀመሩና፥ እምቢ ባለው ጊዜም መልሱን በአውሮፕላን ማድረጉ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፥ ርስት በአንድ ቀን በሕግ ቀረ። በደቡብ ጭሰኛው በደስታ ሲቀበለው፥ በጎጃም ብዙ ገበሬ በጥርጣሬ አየው። የአንዱ ነጻነት የሚጀምርበት ገመድ ለሌላው የነጻነቱ ማብቂያ መስሎ ታየው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የገበሬው ይዞታ እየተለካ የይዞታ ደብተር ተሰጠው። የ1960 ዓ.ም. ዐማፅያን ልጆችና የልጅ ልጆች መሬታቸው ሲለካ በአብዛኛው አልሸፈቱም፤ ደብተሩንም በሣጥን አኖሩት። ገመዱ ያው ገመድ ነው። የተለወጠው ልኬቱ ለማን ማስረጃ እንደሚሆን ነው፤ በአያቶች ዘመን የተጻፈው ወረቀት በመንግሥት ቤት ይቀር ነበር፥ አሁን ግን አንዱ ቅጅ በገበሬው እጅ ገባ።

እንግዲህ የጎጃም ክርክር ለታሪክ ተመራማሪ የሚተወው ትምህርት፥ የግብርን ታሪክ በብር ቈጠራ ብቻ መጻፍ እንደማይበቃ ነው። ማን ለካ፥ ማን ጻፈ፥ የተጻፈውስ በማን እጅ ቀረ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጎጃም ገበሬ በ1934፥ በ1942ና በ1960 ዓ.ም. ደጋግሞ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ መልሱን ያገኘው ግን ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።